የድሮ ባንክ ካዝና በሮችን መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የአንድን የድሮ ባንክ ካዝና በር ዘመን ለማወቅ ከስም ሰሌዳው በፊት «ይህ በር የተሠራው የትኛውን ሌባ ለመመለስ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ከተረዳሁ ወዲህ፣ ቀድሞ ጌጥ ብቻ ይመስሉኝ የነበሩት ክፍሎች ሁሉ ምክንያት እንዳላቸው ማየት ጀምሬአለሁ። የማካፍላችሁ በአሜሪካ፣ አብዛኛውንም በኦሃዮ ግዛት፣ ስለተሠሩት በሮች ነው። የምኖረው ኮሎምበስ ሲሆን፣ ከሙያው ትልልቅ ስሞች መካከል ሞስለር እና ሄሪንግ ሆል ማርቪን በሃሚልተን፣ ዲቦልድ ደግሞ በካንተን ይሠሩ ስለነበር፣ ለዚህ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለባንኩ ከሌባ ባላነሰ የሚፈራው እሳትን ነበር። በ1871 ቺካጎ በተቃጠለች ጊዜ 878 የዲቦልድ ካዝናዎች የያዙትን ንብረት ከእሳቱ አትርፈው መገኘታቸው ለድርጅቱ ትልቅ ዝና አስገኝቶለታል። የዚህ ወገን በሮች በሁለት ስስ የብረት ገበታዎች መካከል ሙቀት የሚከላከል ሙሌት የያዙ በመሆናቸው፣ ፊታቸው በወርቃማ ጽሑፍ ወይም በሥዕል ያማረ ቢሆንም፣ ጠርዛቸው ሲታይ ብረቱ ስስ ነው። እንዲህ ያለው በር ሰነድን ከቃጠሎ ያድናል፤ መሰርሰሪያ ይዞ ለመጣ ሌባ ግን ብዙም አያስቸግርም።

ናይትሮግሊሰሪን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ፈንጂው ፈሳሽ ስለሆነ በበሩና በመቃኑ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ የበሩ ውፍረት ብቻውን ዋስትና መሆኑ ቀረ። ሠሪዎቹ በመጀመሪያ የአራት ማዕዘን በሮችን ጠርዝ ደረጃ በደረጃ እየሸረፉ፣ መቃኑንም በዚያው ልክ እያስገቡ ፈሳሹ የሚሄድበትን መንገድ አጠማዘዙት። ቀጥሎ ክብ በር መጣ። ክብ ነገር በቶርኖ ላይ ዞሮ ስለሚስተካከልና ከመቃኑ ጋር ተፋጭቶ ስለሚገጥም፣ ማዕዘን ያለው በር የማይደርስበትን ጥብቅነት ያገኛል፤ እንደ ጠርሙስ ቡሽም ገብቶ ይወተፋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ የሚወተፍ ወፍራም በር በተራ ማጠፊያ ላይ ቢንጠለጠል ጠርዙ ከመቃኑ ጋር እየተጋጨ አይገባም። መፍትሔው ክሬን የሚባለው ማጠፊያ ነው፤ ከመቃኑ ተነሥቶ እስከ በሩ መሀል የሚደርስ ሰፊ ክንድ ሲሆን፣ በሩ በክንዱ ጫፍ ላይም ለብቻው ስለሚዞር ከቀዳዳው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ወደ ውስጥ ይገፋል። ብዙዎቹ ላይ እንደ መኪና መሪ ያሉ ሁለት መዞሪያዎች የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንደኛው በሩን ወደ መቃኑ ስቦ ያጣብቃል፣ ሌላኛው መቀርቀሪያዎቹን ያስወጣል። አሁን ማንኛውንም በር ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በማጠፊያው ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን የሰዓት ቁልፉ ነው። በሩ በፈንጂ አልበገርም ሲል ሌቦቹ ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ፤ የባንኩን ገንዘብ ያዥ ሌሊት ከቤቱ ይዘው የካዝናው ቁልፍ የሚከፈትበትን ምስጢራዊ ቁጥር በግድ ማናገር ጀመሩ። በጥር 1876 በማሳቹሴትስ ኖርዛምፕተን ከተማ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች የብሔራዊ ባንኩን ገንዘብ ያዥ ቤቱ ውስጥ አስረው ቁጥሮቹን ካስወጡት በኋላ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ገንዘብና ሰነድ ይዘው ሄዱ። መድኃኒቱ ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ የሮቼስተሩ ጄምስ ሳርጀንት በ1873 የሠራው የሰዓት ቁልፍ በ1874 በኢሊኖይ፣ ሞሪሰን በተባለች ከተማ ባንክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገጥሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በበሩ ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ በመስታወት መስኮት ውስጥ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ሰዓቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። ሠራተኛው በሩን ከመዝጋቱ በፊት እያንዳንዱን በመሙያ እያዞረ በሩ ተዘግቶ የሚቆይበትን ሰዓት ይሞላል፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ተዘግቶ ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለሚከፈት ካዝና 45 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቅ ሰው እንኳ መቀርቀሪያውን ሊያንቀሳቅስ አይችልም፣ ስለዚህ እርሱን ማስፈራራት ትርፍ የለውም። ከአንድ በላይ ሰዓት የሚገጠመው ለትክክለኛነት ሳይሆን፣ አንዱ ቢቆም ሌላው ዜሮ ደርሶ እንዲከፍት ነው፤ ባንኮች ከዘረፋ እኩል የሚፈሩት በገዛ ካዝናቸው ላይ ተዘግቶባቸው መቅረትን ነበርና። በሰዓቶቹ ዙሪያ ያለው ብረት ትንንሽ ክቦች እየተደራረቡ እንዲታዩበት ሆኖ ተወልውሎ ሲገኝ ሥራው በእርግጥ ያምራል። ያን ያህል የተደከመበት ገጽ የሚገኘው ግን ደንበኛ ከሚያየው ፊት ሳይሆን ከጀርባው ነው፤ ስለዚህም ተከፍቶ የቆመ በር ለእኔ ከተዘጋው ይበልጥብኛል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በስም ንባብ ላይ ነው። በቁጥር መዞሪያው ላይ «ሳርጀንት እና ግሪንሊፍ» ወይም «ዬል» ተብሎ ቢጻፍ ስሙ የቁልፉ ሠሪ እንጂ የበሩ አይደለም። የበሩ ሠሪ ስም በአብዛኛው በመቃኑ፣ በማጠፊያው ወይም በውስጥ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። የፈጠራ ባለቤትነት መብት (ፓተንት) የተሰጠባቸው ቀናት ተዘርዝረው ከተገኙም የመጨረሻውን ቀን ውሰዱ፤ ሰሌዳው ከዚያ በፊት አልተሠራም ከማለት በላይ ግን አያስኬድም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኦክሲጅንና አሴቲሊን ነበልባል ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። ነበልባሉ አረብ ብረትን እየቆረጠ ሲያልፍ መዳብ ግን ሙቀቱን ወደ ጎን እየበተነ ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ ጠርዙ ባልተሸፈነ በር ላይ በብረቱ ንብርብሮች መካከል ቀላ ያለ ንብርብር ካያችሁ በሩ ይህን ዘመን የሚያውቅ ነው። ግዝፈቱም በዚያው ጨመረ። ለክሊቭላንድ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በፍሬድሪክ ሆልምስ ንድፍ የፔንሲልቬንያው ዮርክ ድርጅት የሠራው የ1923 በር 100 ቶን ይመዝናል፤ ማጠፊያው ብቻውን 47 ቶን ሲሆን፣ ሚዛኑ የተጠበቀ በመሆኑ አንድ ሰው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። አስደናቂ ሥራ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የዚያ ዘመን ክብ በሮች ግዝፈትና ውልወላ በከፊል ለሌባው ሳይሆን ለገንዘብ አስቀማጩ ዓይን የተዘጋጀ ይመስለኛል፤ ብዙ ባንኮች በሩን ደንበኛ በሚያይበት ቦታ ያቆሙትም ያለ ነገር አልነበረም።

የድሮ በር ጀርባ ለምትከፍቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአንዳንድ ካዝናዎች ውስጥ ሌባን ለማባረር ክሎሮፒክሪን የተባለ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል ፈሳሽ በቀጭን ብርጭቆ ተሞልቶ ተገጥሟል፤ ዛሬም ሳይሰበር የሚገኝ አለ። በቁልፉ አጠገብ ፈሳሽ የያዘ ብርጭቆ ወይም ለምን እንደተገጠመ የማይገባችሁ ትንሽ የብረት ሣጥን ካያችሁ ሳትነኩ ውጡና ለእሳት አደጋ ክፍል ደውሉ።

በሮችን አብረን ለመለየት ፎቶ የምትልኩልኝ ወዳጆች፣ የፊቱ አንድ ይበቃኛል፤ ይልቅስ ጠርዙን ከጎን፣ ማጠፊያውን ከላይ እስከ ታች፣ ከተቻለም በሩ ተከፍቶ የሰዓቶቹን ገጽ ቁጥሮቹ እስኪነበቡ ድረስ ቀረብ ብላችሁ አንሡልኝ።