ድሬዳዋ፦ ሙቀቱ፣ የአንሶላው ሲኒማና የአያትየው ቀብር

አዋሽን፣ ሚኤሶንና ጭሮን በእንቅልፍ አልፌ ድሬዳዋ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ከመናኸሪያ ከዚራ ያደረሰኝ ባጃጅ 200 ብር ተቀበለኝ፤ በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ60 ብር ሄድኩበት። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልጨቃጨቅ አልወርድም ነበር። በዚያ ሙቀት ግን ለክርክር የሚሆን አቅም ከየት ይምጣ! ሌሊት መብራት ጠፍቶ የሆቴሉ ቬንቲሌተር ቆመ። በላብ ተነክሬ ስወጣ ያየኝ ዘበኛ፣ «አቦ፣ እዚህ ውጪ ይሻልሃል» ብሎ የራሱን የሽቦ አልጋ ለቀቀልኝ። እግዜር ይስጠው፣ እስኪነጋ ተኛሁ።

የመጣሁት ጓደኛዬ ዘንድ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር፣ በቤተሰቦቹ ግቢ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥሮ ለጎረቤት ፊልም ያሳያል። የዚያን ቅዳሜ «ሊትል ሚስ ሰንሻይን» ነበር፤ ልጃቸውን ለቁንጅና ውድድር ለማድረስ በአሮጌ ቢጫ ቮልስዋገን ሚኒባስ ስለሚጓዙ ቤተሰቦች የሚተርክ፣ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ፊልም። በ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ማይክል አርንት በድርሰቱ፣ አላን አርኪን በአያትየው ሚና ኦስካር ወስደዋል። አብዛኞቹ ሃያስያን አሞገሱት። ያልጣማቸው ግን «ገጸ ባሕርያቱ እንግዳ ጠባይ ተለጥፎባቸው የተፈበረኩ ናቸው» አሉ፤ ይህ ትችት ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት አጠገቤ ሰው ሲያወራ ደሜ ይፈላል። እዚህ ግቢው በሙሉ ያወራል፣ እኔም ወደድኩት። ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ቤተሰቡ መኪናዋን እየገፋ አንድ በአንድ ዘሎ ሲገባ ልጆቹ «ግፋ! ግፋ!» ይላሉ። የሐረር መስመር ሹፌር የሆነ ጎረቤት ደግሞ፣ «ልክ ነው፤ ፍጥነት ካገኘች ሦስተኛ ማርሽ ትገባለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ፍሪሲዮንም ትሄዳለች» እያለ ያስረዳል። አርንትም ይህን የወሰደው በልጅነቱ ቤተሰቡ ካደረገው ጉዞ ነው።

አያትየው መንገድ ላይ ሲሞት ግን ሳቁ ቆመ። የአስከሬን ማዘዋወሪያ ወረቀት እስኪያልቅ ውድድሩ ሊያልፍ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሬሳውን በሆስፒታሉ መስኮት አውጥቶ መኪናው ላይ ይጭናል። ሌላ ቦታ ሰው በሳቅ የሚፈርስበት ትዕይንት ነው። የጓደኛዬ እናት ከምንጣፉ ብድግ አሉ።

«ሬሳ ሳይቀበር ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከወንበራቸው መለሱላቸው፦ «ልጅቷን ዳንስ ያስተማራት ማን ሆነና? የሚሄዱት የእሱን ምኞት ሊፈጽሙ ነው።»

«ምኞቱ ይደር! አፈር ይቀድማል።»

ፊልሙ እንዲቆም ተደርጎ ክርክሩ ቀጠለ፣ ቡናውም ሁለተኛው ደረሰ። እኔ ከሽማግሌው ጋር ነበርኩ፤ አያትየው ከማንም በላይ ያመነባት ያቺን ልጅ ነው። ነገር ግን የእትዬ ቁጣ አንድ ነገር አረጋገጠልኝ። ለፈጠራ ሰው «ቅበሩት» ብሎ የሚቆጣ የለም። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እነዚያን አሜሪካውያን እንደ ዘመድ ነው የገሠጻቸው፤ ለትችቱ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ከዚያው ሹፌር ጋር ወደ ሐረር ወጣሁ። ለካ እሱ ከእትዬ ወገን ኖሯል፤ የደንገጎን ዳገት እያሽከረከረ ታሪኩን ለተሳፋሪው ሁሉ ተረከ። ፊልሙን አይተው የማያውቁት ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ሐረር እስክንገባ ተሟገቱ።