ጄኤፍኬ እየታደሰ እያለ አጎቴን ተቀብዬ ወደ ቦስተን እንዴት እንደሸኘኋቸው

አጎቴ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአዲስ አበባ ሲመጡ ኒውዮርክ ጄኤፍኬ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው በዚያው ቀን ወደ ቦስተን ልጃቸው ጋ መቀጠል ነበረባቸው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ናቸው። የሚያርፉት ተርሚናል 8፣ የሚነሱት ደግሞ ከተርሚናል 5። እንግሊዝኛ ብዙም አይናገሩም፤ ጉልበታቸውም ረጅም መንገድ አይችልም። ቤተሰቡ ሁሉ ስለ ሻንጣው ሲጨነቅ እኔን ያሳሰበኝ መንገዱ ነበር።

ጄኤፍኬ በ19 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ እየታደሰ ነው። ከባድ የሚያደርገው አውሮፕላን ማረፊያው ሳይዘጋ መታደሱ ነው። ከፊሉ እየፈረሰ፣ ከፊሉ እየተገነባ፣ በቀረው መንገደኛ ይስተናገዳል። ያኔ ሥራ ላይ የነበሩት ተርሚናሎች 1፣ 4፣ 5፣ 7 እና 8 ናቸው። ተርሚናል 3 በ2013 ፈርሷል፤ ተርሚናል 2 በጥር 2023 ተዘግቷል፤ የድሮው 6ም ቀደም ብሎ ፈርሷል። አየር መንገዶችም ቦታ ይቀያይራሉ፤ ለምሳሌ ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2022 መጨረሻ ከ7 ወደ 8 ተዛውሯል። ስለዚህ ዘመድ ባለፈው ዓመት የወረደበትን ተርሚናል ይዞ መሄድ አያዋጣም። ከበረራው በፊት ባለው ማታ የሁለቱንም አየር መንገዶች መተግበሪያ ከፍቼ የተርሚናሉን ቁጥር አረጋገጥኩ፤ ጠዋት ከቤት ስወጣም ደገምኩት።

ትልቁ ውሳኔዬ መኪናዬን ወደ ተርሚናሎቹ አለማስጠጋት ነበር። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቫን ዊክ የሚባለው አውራ ጎዳና ድሮም የተጨናነቀ ነው። ተርሚናሎቹ አካባቢ ሲደረስ ደግሞ በግንባታው ምክንያት መታጠፊያዎች ይለዋወጣሉ፤ የስልኩ ካርታ የሚያሳየው መንገድ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። እኔ የሄድኩት ሌፈርትስ ቡልቫርድ ወደሚባለው የኤርትሬን ጣቢያ ነው። እዚያ ለረጅም ጊዜ መኪና የሚቆምበት ሰፊ ቦታ አለ፤ ሰው ለማውረድና ለመጫንም ይፈቀዳል። ኤርትሬን ሾፌር የሌለው፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ባቡር ነው። በተርሚናሎቹ መካከልም ሆነ ከሌፈርትስ ተርሚናል ድረስ በነፃ ነው፤ የሚከፈለው በጃማይካና በሃዋርድ ቢች ጣቢያዎች ሲገባ ወይም ሲወጣ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሌፈርትስ የሚቆመው ሃዋርድ ቢች የሚል ምልክት ያለው ባቡር ነው። ጃማይካ የሚለው በሌላ መስመር ይሄዳል።

ለአጎቴ ዊልቸር ያስያዝነው ትኬቱ ሲቆረጥ ነው። ሽማግሌዎች ይሄን ነገር አይወዱትም፤ አጎቴም «እኔ ምን ሆኜ ነው?» ብለው ነበር። እኔ ግን ዊልቸሩን ከእግር ይልቅ ለቋንቋ እፈልገዋለሁ። የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ፣ በፓስፖርት ቁጥጥሩ አሳልፎ፣ ሻንጣ አስነስቶ እስከ መውጫው ያደርሳል።

ደረት ኪሳቸው ውስጥ የምትገባ ወረቀትም አዘጋጀሁላቸው። በአንድ በኩል በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «ጋሼ፣ መጀመሪያ ፓስፖርት፣ ቀጥሎ ሁለቱን ሻንጣዎች፣ ከዚያ መውጫ። እኔ በሩ ላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። በሌላው በኩል በእንግሊዝኛ የሚያርፉበት አድራሻ፣ የሁለተኛው በረራ ቁጥርና የእኔ ስልክ ነበር። የፓስፖርት ሠራተኛው የሚያርፉበትን ሲጠይቃቸው ወረቀቷን ገልብጠው ሰጡት፤ ያንን ሲነግሩኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሁላችሁም ለወላጆቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ጻፉላቸው።

ስለ ምግብ በአጭሩ፦ ሥጋ፣ ቋንጣም ቢሆን፣ አይያዝ። ሌላውን ምግብ ደግሞ ሲጠየቁ «አለኝ» ብሎ መናገር ነው።

ከ8 ወደ 5 የነበረው ጉዞ ብዙዎች የሚቸገሩበት ነው። ሁለቱ ተርሚናሎች ከፍተሻው ወዲያ አይገናኙም። ወጥቶ፣ ባቡር ይዞ፣ እንደገና መፈተሽ ግድ ነው። አሜሪካ የገባ መንገደኛ ደግሞ ሻንጣውን መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ መረከብ አለበት፤ ትኬቱ የተለያየ ከሆነ እስከሚቀጥለው ተርሚናል ራሱ ይጎትታል። ለዚህ ነው ሁለቱ በረራዎች በመካከላቸው ከግማሽ ቀን ያላነሰ ጊዜ እንዲኖራቸው ከመጀመሪያው የወተወትኩት። የልጃቸው ሐሳብ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ፓስፖርት ቁጥጥሩ ላይ ያለውን ሰልፍ ላየ ሰው ያ የማይታሰብ ነው።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ ማርም እንደ ፈሳሽ ነው የሚታየው። ተርሚናል 8 መውጫው ላይ አጎቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ የማር ዕቃውን ከእጅ ሻንጣቸው አወጣሁ፤ በጋቢ ጠቅልዬም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት። የገጠር ማር ነው፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ማየት አልችልም።

የተረፈንን ጊዜ ያሳለፍነው ከተርሚናል 5 በመተላለፊያ በሚገናኘው የቲደብሊውኤ ሆቴል ነው። ኤሮ ሳሪነን የነደፈው፣ በ1962 የተከፈተ የድሮ ተርሚናል ሲሆን በ2019 ሆቴል ሆኗል። አዳራሹ ለማንም ክፍት ነው። ጣሪያው ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ ነው፤ መቀመጫው ቀይ። ውጭ ክሬንና አቧራ ብቻ ካየን በኋላ አጎቴ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ደክሟቸው ስለነበር እዚያው አሸለቡ። ሻንጣ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው በጄኤፍኬ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ለቦስተኑ በረራም ዊልቸር ተይዞላቸው ስለነበር ሻንጣቸውን አስረክበን ፍተሻው በር ላይ ተሰነባበትን። ቦስተን ልጃቸው ተቀበላቸው።

የምትቀበሉት ሰው ወደ ማንሃታን የሚሄድ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። ሻንጣው ቀላል ከሆነ በኤርትሬን ጃማይካ ድረስ፣ ከዚያ በሎንግ አይላንድ ባቡር ወደ ፔን ስቴሽን ወይም ግራንድ ሴንትራል። ሻንጣው ከበዛ ቢጫ ታክሲ ይሻላል፤ ዋጋው ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ 70 ዶላር ቁርጥ ሆኗል፤ የመንገድ ክፍያ፣ ተጨማሪ ክፍያዎችና ጉርሻ ለብቻ ናቸው። ታክሲው የሚያዘው ውጭ ሠራተኛ ቆሞ በሚያስተናግደው ሰልፍ ላይ ነው። ተርሚናሉ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ ላምጣልህ?» የሚል ሰው ከሕግ ውጭ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሻንጣ እንዳያስነኩት አስቀድማችሁ ንገሯቸው።