አስታማሚ ስሆን የምይዘው ደብተር

ሰው ላስታምም ሆስፒታል ስገባ ከምግቡ ዕቃና ከብርድ ልብሱ ጋር አንድ ደብተር እይዛለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የታማሚውን ስም እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የማይስማማውን መድኃኒት (በተለይ ፔኒሲሊን)፣ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት እሱን፣ ቤት የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነሚሊግራሙ እጽፋለሁ። የባህል መድኃኒት ጠጥቶ ከሆነም አልደብቅም። ሐኪሙ ሊቆጣ ይችላል፤ ሳያውቅ ጉበት ላይ ሌላ ጫና የሚያሳድር መድኃኒት ከሚያዝ ግን ይቆጣ።

ሰዓት ብዙ ሰው ያሳስታል። ወረቀት ላይ 8:00 የተባለው የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ» ሲባል ደግሞ የምሽቱ 12 ነው ወይስ የፈረንጁ፣ ማለትም የሌሊቱ 6? ቀዶ ጥገና ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በማደንዘዣ ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ለአዋቂ ከቀላል ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መቆየት የተለመደ ነው። ስለዚህ «ከዛሬ ሌሊት 6 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው?» ብዬ አስደግማለሁ።

መርፌ ሲመጣ «ሲስተር፣ ይሄ ምንድን ነው? ለማን ነው የታዘዘው?» እላለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከበደ መተኛቱ ብርቅ አይደለም። «ከበደ ነህ?» ከተባለ እንቅልፍ የጣለው ሰው ለሁሉም «አዎ» ይላል፤ «ስምህ ማን ነው?» ሲባል ነው ስህተቱ የሚያዝ። ከውጭ ግዙ የተባልነውን መድኃኒት ሳመጣ ስሙን፣ መጠኑን (500 ሚሊግራምና 1 ግራም ብልቃጥ ይምታታሉ) እና የሚያበቃበትን ቀን ከማዘዣው ጋር አመሳክራለሁ፤ ደረሰኙን አልጥልም። የግሉኮሱን ማስተካከያ ደግሞ በራሴ እጅ አልነካም፣ «ቶሎ ይለቅ» እያሉ የሚከፍቱ አስታማሚዎች ቢበዙም።

ደም ሲሰጥ ከአልጋው ሥር አልጠፋም። የከረጢቱን ቁጥር፣ የደም ዓይነቱን፣ የአገልግሎት ጊዜውን፣ አብሮ የመጣው ወረቀት ላይ ያለውን ስምና የካርድ ቁጥር ሁለት ባለሙያዎች ታማሚው አጠገብ ቆመው ሊያመሳክሩ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ተመሳክሮ አንዱ ብቻ ይዞት ከመጣ፣ እዚያ መሀል የተሳሳተ አልጋ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ዋናው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ነው፦ ብርድ ብርድ ካለው፣ ወገቡን ካመመው፣ ካሳከከው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው እንዲቆም እጣራለሁ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ከረጢት በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ሳያልቅ አያድርም።

የፈቃድ ወረቀት ላይ ከመፈረሜ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ጎን፣ ጉዳቱ ምን እንደሆነና ሌላ አማራጭ መኖሩን በአማርኛ እጠይቃለሁ። ታማሚው አእምሮው ከሠራ የሚወስነው እሱ ነው፤ ዘመድ አዝማድ አይደለም። አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገውን ሰው ያለበቂ ምክንያት አላክምም ማለት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ያስጠይቃል፤ የታማሚ ምስጢር ማውጣት ደግሞ በአንቀጽ 399። ይህን ግን እንደ ማስፈራሪያ አላነሳውም፣ ከተረኛ ነርስ ጋር ተጣልቶ የሚያተርፍ አላየሁም።

ቅሬታ ሲኖር በቅደም ተከተል እሄዳለሁ፦ ተረኛ ነርስ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ የሆስፒታሉ አስተዳደር፣ ቀንና ሰዓት የሠፈረበትን ደብተር ይዤ። ለጤና ሚኒስቴር 952፣ መድኃኒቱ ራሱ ካጠራጠረ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ይደወላል።

ስንወጣ ያለ መውጫ ወረቀት ከአልጋው አንነሳም፦ የበሽታው ስም፣ የተሠራው ነገር፣ የመድኃኒቱ መጠንና ስንት ቀን፣ የቀጠሮው ቀን፣ ምን ሲብስ ሳይጠብቁ እንደሚመለሱ። የኤክስሬይ ፊልሙንም እጠይቃለሁ።