እምቦጭ፣ አመድና አልታረቅ ያሉኝ ቁጥሮች

ባለፈው ሐሙስ ሦስት ክሩሲብል (እሳት የሚችል ትንሽ ጽዋ) አመድ መዘንኩ። ከመቶ 24.1፣ 24.6፣ 23.9። ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ እልል ብል የሚሰማኝ አልነበረም፤ አልኩም። ለሌላ ሰው ይሄ ምኑ ያስደስታል? እኔ ግን ለነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሁለት ወር ሙሉ ስናደድ ከርሜያለሁ። ቴሲስ ላይ ያላችሁ ልጆች ትረዱኛላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

የቴሲሴ ርዕስ ከጣና እምቦጭ የማገዶ ብሪኬት መሥራት ነው፤ አረሙን አክስሎ፣ ፈጭቶ፣ በማያያዣ ጨምቆ ማገዶ ማድረግ። አረሙ በፈረንጆቹ 2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ስለሱ ፕሮፖዛል ያላሰበ ተማሪ የሚገኝ አይመስለኝም። የኔም ቶሎ አለፈ። ከዚያ ሊትሬቸር ሪቪው ላይ፣ ሌሎች የሠሩትን በማንበብ፣ አራት ወር ፈጀሁ፤ ኔት በጠፋበት ሰሞን ፔፐር በፍላሽ እየተቀባበልን። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። «ሪቪዬን ጨርሼ ነው ላብ የምገባው» የሚል ካለ ግን ልክ አይመስለኝም። ምን ማንበብ እንደነበረብኝ የገባኝ ናሙናው እጄ ላይ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ናሙናውን ያመጣሁት ከፎገራ በኩል ነው። ገበሬዎች በእጃቸው ነቅለው ዳር ላይ ከከመሩት አራት ማዳበሪያ ሞልቼ ወረታ ላይ ሚኒባስ ላይ ጫንኩ። ረዳቱ ሲንጠባጠብ አይቶ «ዓሣ ነው እንዴ?» አለኝ። ምነው ዓሣ በሆነ! እምቦጭ ከመቶው ከዘጠና በላይ ውኃ ነው። ቤቴ ደርሶ ሲደርቅ አንድ ማዳበሪያ እንኳ አልሞላም። የጣናን ውኃ ከጣና ዳር ወደ ጣና ዳር በኪራይ አመላለስኩ ማለት ነው። እዚያው አድርቃችሁ አምጡ። ደግሞ እርጥቡን ይዞ መዞር በራሱ ጥፋት ነው፤ ከቁራጭ ይበቅላል፣ ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይሄን ያወቅሁት ካመጣሁት በኋላ ነው።

ማክሰያውን ብየዳ ቤት ከአሮጌ በርሜል አሠራሁ፤ መጭመቂያውን ከቧንቧ ቁራጭ። የመጀመሪያዎቹ ብሪኬቶች ሲደርቁ ተሰነጣጠቁ። ማያያዣውን ከስንዴ ዱቄት በሙቅ መልክ ሳደርገው ያዘ። ጭቃ የምትጨምሩ አላችሁ፤ ርካሽ ነው፣ ይይዛል፣ አውቃለሁ። ግን ጭቃ አይነድም። የጨመራችሁትን ያህል አመድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እምቦጭ ደግሞ ያለዚያም አመዱ የበዛ ነው። እኔ ለማካካስ ግማሹን የሰጋቱራ ከሰል አደረግሁት።

አሁን ወደ ጉዱ።

አመድ መለካት ከሙከራዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ግራም ያህል የተፈጨና የደረቀ ከሰል ክሩሲብል ውስጥ ታደርጋለህ፣ ፈርነስ (የላብ ምድጃ) ውስጥ 750 ዲግሪ ታቃጥላለህ፣ አቀዝቅዘህ ትመዝናለህ። የተረፈው አመድ ነው። (ላልከሰለው የደረቀ ተክል 575 ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱን ደባልቄ ሠርቻለሁ፤ እሱን እንለፈው።) የኔ ውጤት ምን ሆነ? ከመቶ 29፣ 41፣ 35። ሦስቱም ከአንድ ብሪኬት! ደገምኩት፤ 38፣ 27፣ 33።

ፈርነሱን ጠረጠርኩ። ሚዛኑን ጠረጠርኩ። መብራት መሀል ላይ ስለሚጠፋ ነው አልኩ፤ መብራት ባልጠፋበት ቀንም ያው ሆነ። ከዚያ ያደረግሁትን ልናገር። 41ን ከኤክሴሉ አጠፋሁት። አጠገቡ «አውትላየር»፣ ከሌሎቹ የወጣ ቁጥር፣ ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። በማግስቱ 40 መጣ።

የላብ ቴክኒሻኑ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ክሩሲብሎቹን ደርድሬ ፈዝዤ ሲያዩኝ መጡ። ምንም ሳይሉ አንዱን አመድ የመስታወት ቢከር ውስጥ ደፉት፣ ውኃ ጨመሩና አሽከረከሩት። ቀላሉ አመድ ደመና መስሎ ተነሣ። ታች የቀረውን በሁለት ጣታቸው አሹት። «ና ንካው» አሉኝ። ይኮረኩራል። ያልተለቀመ ምስር ስትበላ ጥርስህ ላይ የሚመጣው ነገር አለ አይደል? እሱ።

«ልጄ፣ ይሄ አመድ አይደለም» አሉኝ። «ሥሩን አጥበኸዋል?»

አላጠብኩም። የእምቦጭ ሥር እንደ ጢም ነው፤ ጉማራና ርብ ተሸክመው የሚያመጡትን ደለል ይዞ ያስቀራል። እኔ ከነደለሉ አክስዬ፣ ፈጭቼ፣ ጨምቄ ኖሯል። አሸዋው እኩል ስለማይዳረስ ነው ቁጥሩ የሚዘለው። በአንዱ ግራም ውስጥ ይገባል፣ በሌላው የለም።

ሥሩን ቆርጬ፣ ግንዱንና ቅጠሉን አምስት ጊዜ አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። ቁጥሩ ወረደ። ግን አሁንም በሦስትና አራት ይለያያል። እዚህ ላይ ማልቀስ ቀረኝ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ዴሲኬተሩ ነበር። ክሩሲብሉ ከፈርነስ ወጥቶ እርጥበት ሳይነካው የሚቀዘቅዝበት ዕቃ ነው፤ ሥሩ ላይ ያለችው ሲሊካ ጄል እርጥበቱን ትመጥጣለች። ሲሊካዋ ደረቅ ስትሆን ሰማያዊ ናት፣ ስትጠግብ ሮዝ ትሆናለች። የኛዋ ሮዝ ነበረች። እኔ ቀለሟ መስሎኝ! ወሩ ሐምሌ ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ የእምቦጭ አመድ ደግሞ ፖታሲየም ስለሚበዛበት እርጥበት ይወዳል። ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ሳየው የመጨረሻዋ አኃዝ ዝም ብላ ትወጣ ነበር። ያንን ስንት ቀን አይቼው አልፌያለሁ። ሲሊካውን ኦቨን ውስጥ 110 ዲግሪ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ሐሙስ የመጡት ቁጥሮች ከዚያ በኋላ ናቸው።

ምክር ስጠን ካላችሁኝ፣ ያጠፋችሁትን ቁጥር ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ኤክሴል ያጠፋል፣ ደብተር ያሳፍራል። ምክሩን እኔም በየቀኑ አልፈጽመውም።

ደስታዬን ይዤ አድቫይዘሬ ጋ ሄድኩ። አዩት፣ ጥሩ ነው አሉ፣ ከዚያ «ሐይቁ ላይ ላለው ሥሩን ማን ይቆርጥልሃል?» አሉኝ። መልስ የለኝም። አሁን ግማሹን ከነሥሩ በደንብ አጥቤ እያከሰልኩ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ቴሲሴን ስከላከል፣ ዲፌንስ ላይ፣ የምለው ይኖረኛል።

ለዚሁ ብዬ ትንሽ እርጥብ እምቦጭ ግቢ ውስጥ ባልዲ ላይ ትቼ ነበር። ቅዳሜ ስመለስ ሐምራዊ አበባ አውጥቷል። አከራዬ እማማ ጣሳ ይዘው ቆመዋል። «እንዲህ የሚያምር አበባ ደብቀህ ትይዛለህ? ለበረንዳዬ አንዱን ልውሰድ» አሉኝ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ አላመኑኝም። ማታ በርሜሉ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።