ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። ባልደረቦቼ ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) በሥራቸው እንዲሞክሩት ስፈልግ ስልጠና አላዘጋጀሁም። ስልጠናማ ሞልቶናል። ጠዋት ከርክክብ በኋላ ሻይ እየጠጣን ስልኬን አወጣሁና ቻትጂፒቲ የሚባለውን ጥያቄ መላሽ ኤአይ ከፍቼ «እስቲ እንፈትነው» አልኳቸው። ፈታኞቹ እኛ፣ ተፈታኙ እሱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን ሁላችንም የምናውቀው ነበር። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ገብቶ እንዲያልቅ ታዟል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ? ቻትጂፒቲ 31 አለ። በዕድሜም በልምድም የሚበልጡን ሲስተር ምንም ሳይናገሩ ፈሳሹ የሚንጠባጠብበትን ቱቦ ማሸጊያ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይላል። መልሱ 42 ነው ማለት ነው። እሱ የትኛውን ቱቦ እንደምንጠቀም ሳይጠይቀን በ1 ሚሊ ሊትር 15 ጠብታ ብሎ ነበር ያሰላው። 20 መሆኑን ስንነግረው ወዲያው 42 አለ።

ይቺ ነገር ከብዙ ንግግር በላይ ሠራች። «ሥራችንን ሊቀማን ነው» ሲሉ የነበሩት ልጆች ተራ በተራ ስልኩን እየተቀባበሉ መጠየቅ ጀመሩ። እጃቸው ላይ ያለውን ዕቃ እሱ እንደማያየው ገብቷቸዋል።

ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው የታወቀ ሐሳብ አለ። ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አጠቃቀሙ ሲቀለው ነው ይላል። ልክ ነው። እኛ ክፍል ግን ሲስተር ከሁሉ በፊት ያነሱት ሌላ ነው። «ቢሳሳት ማን ይጠየቃል? የታካሚው ቻርት ላይ የምፈርመው እኔ አይደለሁም?» ይህን እንደ እምቢታ የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ጥሩ ነርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ መልስ ሳናበጅለት አንድ እርምጃ አልሄድንም። የፈረመ ይጠየቃል። የመድኃኒት መጠንና የጠብታ ፍጥነት እኛው እናሰላለን፣ ሁለተኛ ሰው ያየዋል፤ ኤአይ እዚያ አይገባም። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የቻርት ፎቶም አይሰጠውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም የሰው ገመና ነው።

ታዲያ ምን ቀረው? ብዙ። ለምሳሌ የስኳር ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ የምንሰጠው ምክር። ተረኛ ሲጣደፍ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። በጽሑፍ እንዲያዘጋጅልን ጠየቅነው። የመጀመሪያው ረቂቅ አጃ ብሉ፣ ቁርስ አትዝለሉ የሚል ነበር። ከደምቢያ ለመጣ ገበሬ፣ ያውም በሁዳዴ! እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ጠላውን አስገባንበት። ጾሙንም ነገርነው። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። መጾም ካሰበ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ላብ ላብ ካለውና እጁ ከተንቀጠቀጠ ግን ሰዓት ሳይጠብቅ ወዲያው ስኳር ይውሰድ። ሲስተር የጨመሩት መስመር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። ቤተሰብ ደንግጦ የሚያደርገውን ለዓመታት ያየ ሰው ነው ይህን የሚያውቀው። ሐኪሞቹ አይተው አረሙት፤ አሁን አትመን እንሰጣለን፣ ማንበብ ለማይችል እናነብለታለን።

ሲስተር ዛሬም መጠን አይጠይቁትም፤ እንዲጠይቁትም አልፈልግም። ምክር ማርቀቁን ግን ወደውታል።

በቅርቡ የሕፃናት ክፍል ነርሶች «እኛስ?» ብለው መጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለቲቢ ልየታ ራጅ የሚያነብ ሶፍትዌር ሲመክር እንኳ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ልጅ ጋ ጥንቃቄው ይብሳል፤ መድኃኒቱም በልጁ ክብደት ነው የሚታሰበው። እነሱም ከእናቶች ምክር ለመጀመር ተስማምተዋል፤ የመጀመሪያው ስለ ተቅማጥና ስለ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) አበጣበጥ ነው።