ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን በአነስተኛ ዋጋ እንዴት መረጥኩ

ዛሬ የሸክላ ኢላማ ተኩስ ሜዳ ላይ አብዛኛው ሰው የሚይዘው «ላይና ታች» የሚባለውን ሾትገን ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ላይ የተደረበበት ማለት ነው። እኔ የወደድኩት ግን የድሮውን ነው፤ ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን የተኙበትን። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ትከሻ ላይ ሲወጣ እጅን ተከትሎ ይመጣል። የምኖረው በርሚንግሃም ነው። የእንግሊዝ ጠመንጃ ለብዙ ዘመን በብዛት የተሠራው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ለኪሳችን ደስ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ፋሽኑ ስላለፈበት ያገለገለው በጣም ረክሷል። ሥራው ግን ያው ጥንቁቅ የእጅ ሥራ ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ኢላማው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ነገር ነው። ሸክላ ይባላል እንጂ የሚሠራው ከዝፍትና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ማሽን አየር ላይ ይወረውረዋል፤ ተኳሹ በብትን ጥይት ይሰብረዋል። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ጠመንጃ ልገዛ መሆኑን ሲሰሙ «ልጄ፣ እዚህ አገር ደግሞ ምን ልታድን ነው?» ብለው ደነገጡ። «ኧረ ጋሼ፣ ሸክላ ነው የምሰብረው» አልኳቸው። አንድ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። አሁን ከሜዳ ስመለስ «ስንት ሰበርክ?» ብለው ቀድመው የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው።

እንግሊዝ አገር ከግዢው በፊት ፈቃዱ ይቀድማል። የሾትገን ፈቃድ የሚሰጠው ፖሊስ ነው፤ የሚያገለግለውም 5 ዓመት ነው። ከሐኪም የጤና መረጃ ይጠየቃል፣ የሚያውቋችሁ ሰዎች ምስክርነት ይሰጣሉ፣ ፖሊስም ቤታችሁ መጥቶ ያያል። ለእኛ ሰው «ፖሊስ ቤት ይመጣል» ሲባል ልብ ይደነግጣል። እኔ ጋ የመጣችው ባለሙያ ግን ሻይ ጠጥታ፣ ሣጥኑ ግድግዳው ላይ በደንብ መታሰሩን አይታ፣ ቁልፉን የት እንደማኖር ጠይቃ ሄደች። የቁልፉ ነገር ቀልድ አይደለም። ከባለፈቃዱ በቀር ማንም፣ የትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ ያለበትን ማወቅ የለበትም።

ፈቃዱን ስጠብቅ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ከፖሊስ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ሜዳዎች አሉ። እዚያ ፈቃድ የሌለው ሰውም የሜዳውን ጠመንጃ ይዞ መተኮስ ይችላል። ይህን ጊዜ እንድትጠቀሙበት አጥብቄ እመክራለሁ። የተለያየ ጠመንጃ ትይዛላችሁ፣ አስተማሪው የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራ ያያል፣ ርግጫውን ትለምዳላችሁ። ሱቅ ስትገቡ የምትፈልጉትን ታውቃላችሁ።

ለሁሉም ነገር የመደብኩት 800 ፓውንድ ነበር። ከዚያ ውስጥ ለጠመንጃው 500 ገደማ፣ የቀረው ለባለሙያ ምርመራና ሰደፉን በልኬ ለማስተካከል። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ጠመንጃው ላይ ያውላል፤ ማስተካከያው ይረሳል። ይህ የሚያሳዝን አከፋፈል ነው። በ500 ፓውንድ የተገዛና በልክ የተስተካከለ ጠመንጃ፣ በ2000 ፓውንድ ተገዝቶ ለሌላ ሰው ትከሻ ከተሠራው ይልቅ ብዙ ሸክላ ይሰብራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ገንዘብ ቱቦው ውስጥና ሰደፉ ላይ ይዋል፤ ስምና ቅርጻ ቅርጽ ላይ አይዋል።

ዋጋውን በጣም የሚለያዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የውስጡ አሠራር ነው። «ሳይድሎክ» የሚባለው መተኮሻው በሁለት የጎን ሳህኖች ላይ የተሠራ፣ ውብና ውድ ነው። «ቦክስሎክ» የሚባለው ግን መሐሉ ባለው የብረት አካል ውስጥ የተቀበረ ነው። ይህን አሠራር አንሰንና ዲሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች እዚሁ በርሚንግሃም፣ ዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት ሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 አስመዘገቡት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጠንካራ ነው፣ ለመጠገንም ቀላል ነው። ለሸክላ ተኩስ ከቦክስሎክ በላይ አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ኢጀክተር» ነው። ጠመንጃው ሲታጠፍ የተተኮሰውን ቀለህ ወርውሮ የሚያወጣ ማለት ነው። ኢጀክተር የሌለው ቀለሁን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ያደርግላችኋል፣ በእጃችሁ ትመዙታላችሁ። ወፍ በብዛት በሚመጣበት አደን ላይ ፍጥነቱ ይጠቅማል። ሸክላ ሜዳ ላይ ግን ማንም አያጣድፋችሁም። ቀለሁም መሬት ላይ አይበተንም፣ ጎንበስ ብላችሁ አትለቅሙም። ኢጀክተር የሌለውን ስመርጥ ያንኑ ጥራት በግማሽ ዋጋ አካባቢ አገኘሁት።

ከዚያ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርኩ። ጨረታም አየሁ። ጨረታ ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን የጨረታ ቤቱ ኮሚሽንና ታክስ ሲደመርበት ልዩነቱ ይጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የትኛውንም ጠመንጃ ስይዝ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አያለሁ። ቀጥሎ ቱቦዎቹን ፈትቼ ገልብጬ ከሥራቸው ያለውን ማህተም አነባለሁ። እዚያ ላይ የጠመንጃው የሕይወት ታሪክ ተጽፏል። እንግሊዝ አገር ማንኛውም ቱቦ ከመሸጡ በፊት ከመጠን በላይ በተሞላ ጥይት ተፈትኖ ማህተም ይመታበታል። የበርሚንግሃሙ መፈተኛ ቤት በ1813 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን እስከ ዛሬ ይሠራል። ፈተናውን የሚገዛው ዋናው ሕግ የወጣው በ1868 ነው። እኛ የመቅደላን ጦርነት የምናስብበት ዓመት። ናፒየር ይዞት የመጣው ስናድር በብዛት የተሠራበት ከተማ ውስጥ ቆሜ ያንን ዓመት ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማህተሙ ላይ የምፈልገው ጥቂት ነገር ነው። በዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ መፈተኑን፣ ማለትም «ናይትሮ» የሚለውን። በጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተነ አሮጌ ጠመንጃ፣ በተለይ እንደ ጨርቅ ሽመና መልክ ያለው የደማስቆ ብረት፣ ቢያምርም ትቼው አልፋለሁ። ቀጥሎ የጥይት ማደሪያው ርዝመት። የድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ብዙ ጊዜ 2½ ኢንች ናቸው፤ 65 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የዛሬ ጥይት በአብዛኛው 70 ሚሊ ሜትር ነው። አደጋው ረጅሙ ጥይት አጭሩ ማደሪያ ውስጥ ያለ ችግር መግባቱ ነው። ያልተተኮሰ ጥይት አፉ ታጥፎ የተዘጋ ስለሆነ ያጥራል። ሲተኮስ አፉ ይዘረጋና መንገዱን ያጠብበዋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ 65 የሚል ጥይት ብቻ ነው የምገዛው። ማግኘቱ አያስቸግርም።

ሌላው የውስጥ ስፋቱ ነው። 12 ቁጥር ሾትገን በመደበኛው 0.729 ኢንች ሲሆን፣ በፈተናው ጊዜ የነበረው ልክ ማህተሙ ላይ ይጻፋል። ቱቦው ዝገት ሲበላው ባለሙያዎች ውስጡን ይፍቁታል። እየተፋቀ ሲሄድ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይሳሳል። ከተጻፈው በ0.010 ኢንች ከሰፋ እንደገና መፈተን አለበት፤ ሳይፈተን መሸጥ ወንጀል ነው። የግድግዳውን ውፍረት በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሻጩ በመሣሪያ ይለካላችሁ። በዚህ ሙያ ብዙዎች የሚቀበሉት ዝቅተኛ ልክ 0.020 ኢንች ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ። እኔ 0.025 እና ከዚያ በላይ ካልሆነ አልፈልግም አልኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ ይለካልኝ ስል ሻጩ ፊቱን አጠቆረ። አመስግኜ ወጣሁ። ለመለካት የማይፈልግ ሰው ጋ የሚያስኬድ ነገር የለም።

ከዚያ የእጅ ምርመራ። ቱቦዎቹን ከሥር ባለው መንጠቆ አንጠልጥላችሁ በጥፍር ወይም በእንጨት ቀስ ብላችሁ ምቷቸው። ጤነኛ ከሆኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጥርት ብለው ይጮኻሉ። ድምፁ ከታፈነ ሁለቱን ያያያዘው ብየዳ የሆነ ቦታ ለቋል ማለት ነው። ማስበየዱ ውድ ነው። ወደ መብራት አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ጥላው ቀጥ ብሎ ካልሄደና ከተሰበረ ስርጉደት አለ። ትንሽ ስርጉደት ባለሙያ ያወጣዋል፣ ዋጋ መደራደሪያም ይሆናል። በመጨረሻም ጠመንጃውን ግጠሙት፤ የፊተኛውን እንጨት ብቻ አውጡና ነቅነቅ አድርጉት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ተበልቷል።

በዚህ ሁሉ ወንፊት ካለፈ በኋላ እጄ ላይ የቀሩት ሦስት ዓይነት ነበሩ። የሩሲያው ባይካል ከሁሉ ርካሽ ነው። ከባድ ነው፣ መልኩም ሸካራ ነው፤ ግን የቱቦው ውስጥ ክሮም የተቀባ ነው፣ ክብደቱም ርግጫውን ይቀንሳል። ከ200 ፓውንድ በታች ለሚገዛ ሰው ያለ ሐሳብ እመክረዋለሁ። ሁለተኛው የስፔኑ አያ ነው፤ በባስክ ምድር ኤይባር ከተማ የተሠራ። «ቁጥር 4» የሚባለው ቦክስሎኩ የእንግሊዙን ንድፍ የተከተለ፣ እጅግ የሚታመን ጠመንጃ ነው። ያገለገለው ግን ከመደብኩት በላይ ሆነብኝ። ዮማን የሚባለው ርካሹ ወንድሙ ጥሩ አማራጭ ነው።

የገዛሁት ሦስተኛውን ነው። በ1950ዎቹ በርሚንግሃም የተሠራ፣ ኢጀክተር የሌለው ቦክስሎክ። ላዩ ላይ የተጻፈው የአንድ ትንሽ ከተማ ሱቅ ስም ነው። ያን ጊዜ በየአውራጃው ያሉ ሱቆች ከበርሚንግሃም ሠሪዎች አሠርተው የራሳቸውን ስም ያስቀርጹ ነበር። ስለዚህ ስሙ ባይታወቅም እጁ የታወቀ እጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው ትልቁ ትርፍ ያለው። 28 ኢንች ቱቦ፣ ቀኙ ሩብ ቾክ፣ ግራው ግማሽ ቾክ (ቾክ ማለት ብትኑን ለመሰብሰብ የቱቦው አፍ የሚጠብበት መጠን ነው)፣ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ። ጠይቀውት የነበረው 520 ነበር፤ የፊተኛው እንጨት ላይ ስንጥቅ አሳይቻቸው በ450 ፓውንድ ተስማማን።

ቀጥሎ ወደ ልክ ማስተካከያ ሄድኩ። ባለሙያው ኖራ በተቀባ የብረት ሳህን ላይ ከ16 ያርድ አስተኮሰኝ። ሳታነጣጥር፣ ዓይንህን መሐሉ ላይ ጥለህ ቶሎ ተኩስ አለኝ። የብትኑ መሐል ከኢላማው ስንት ኢንች እንደራቀ ይታያል። በዚህ ርቀት የ1 ኢንች ስህተት ሰደፉ ላይ የ1/16 ኢንች ማስተካከያ ይጠይቃል። የእኔ ወደ ግራና ወደ ታች ይሄድ ነበር። ሰደፉን በእንፋሎት አሙቆ ትንሽ ወደ ውጭ አጎበጠው፣ ጉንጭ የሚያርፍበትን ከፍ አደረገው፣ ጫፉ ላይም ግማሽ ኢንች ጨመረበት። ስመለስ ያው ጠመንጃ ሌላ ጠመንጃ ሆኖ ጠበቀኝ። ከላይና ታች ይልቅ ጎን ለጎኑ ላይ ልክ የበለጠ ወሳኝ ነው፤ ዓይን ሰፋ ያለ ብረት ከፊቱ ስላለ ትንሽ መዛባት ትልቅ ስህተት ይሆናል።

ሜዳ ላይ ሁለት ምላጭ መኖሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ይባላል። ጣት ግን ቶሎ ይለምደዋል፣ ጥቅሙም ብዙ ነው። የፊተኛው ሰፊ የሚበትነውን ቀኙን ይተኩሳል፣ የኋለኛው ጠበብ ያለውን ግራውን። ሸክላው ወደ እናንተ ሲመጣ ከሩቅ በኋለኛው፣ ሲቀርብ በፊተኛው። ርግጫውን ለመቀነስ 21 ወይም 24 ግራም ጥይት እጠቀማለሁ። 28 ግራም ቀላል ጠመንጃ ላይ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ያሳምማል፣ ተጨማሪ ሸክላ ግን ሲያሰብረኝ አላየሁም። ጓንት አትርሱ። የፊተኛው እንጨት ቀጭን ስለሆነ ግራ እጅ ቱቦውን ይነካል፤ ብረቱም ቶሎ ይግላል።

ዛሬ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2025 የእርሳስ ጥይትን ከጥቂት ዓመታት ሽግግር በኋላ እንደሚከለክል አስታውቋል። በቦታው በብዛት የሚገባው የብረት ጥይት ከእርሳስ ይጠነክራል፣ በጠባብ ቾክም እንደ እርሳስ ተጨምቆ አያልፍም። ስለዚህ ሙሉ ቾክ ያለው ጠመንጃ ርካሽ ቢሆን እንኳን ቾኩን የማስከፈቻውን ዋጋ ጨምራችሁ አስቡ። ሩብና ግማሽ የሆነ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ ቱቦ ምረጡ። ከመክፈላችሁ በፊትም መደበኛ የብረት ጥይት ይችል እንደሆነ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።