የጅቡ ጉትቻ

ነገሩ የተጀመረው ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ነው። ክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታ መብራት ደስ ካለው ይቆያል፣ ካላለው ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ዕረፍቷን እኔ ጋ ነው የምታሳልፈው። 16 ዓመቷ ነው። ሶፋው ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ስልኳ ላይ ታነባለች። ከጨለማው ውስጥ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«ምንድነው እንዲህ የያዘሽ?» አልኳት።

«የሙት መንፈስ ታሪክ ነው እትዬ። ግን አያስፈራም። ያሳዝናል።»

እኔ በእሷ ዕድሜ ከመንፈስ ጋር ያገናኘኝ ፍርሃት ብቻ ነበር። ማዘን የሚባል ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሰሞኑን እሷና ጓደኞቿ በቴሌግራም የሚቀባበሉት ፒዲኤፍ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ነው። የጥንት የመንፈስ ታሪክ ይወሰድና ለወጣት አንባቢ እንደገና ይጻፋል። መንፈሷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትሆናለች። አሮጌው ቤት ዶርም ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን ተራኪው ይቀየራል። ድሮ የሚተርከው የፈራው ሰው ነበር፤ አሁን የምትተርከው የምታስፈራዋ ናት።

ሻማ ለኩሼ የምታነበውን አስተረኳት። የጃፓን ነው። ኦኪኩ የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። ጌታዋ 10 ውድ ሳህኖች ነበሩት። አንዱ ጠፋ ተባለ። ልጅቷን ገድለው ጉድጓድ ውስጥ ጣሏት። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ከጉድጓዱ ድምፅ ይሰማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ትቆጥራለች። 9 ላይ ስትደርስ ትጮኻለች። ታሪኩ ሲነገር ብዙ መልክ አለው። በአንዱ አነጋገር ሳህኑን የደበቀው ራሱ ጌታዋ ነው፣ እሺ አልለውም ስላለች።

«አየሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ሰው የሚፈራው እሷን ነው። እሱን የሚፈራው የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እኔ ደግሞ የማውቀውን አሜሪካዊ ፈረሰኛ ነገርኳት። ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1820 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታሪክ ነው። ጭንቅላቱን መድፍ የወሰደበት ቅጥረኛ ወታደር ሌሊት ሌሊት በፈረስ ይጋልባል። አንድ ቀጫጫ የገጠር አስተማሪ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ጠዋት ሰዎች ሲሄዱ የአስተማሪው ባርኔጣ ወድቋል። አጠገቡ የተፈረካከሰ ዱባ አለ። አስተማሪው የለም። ደራሲው አፍ አውጥቶ ባይናገርም፣ ፈረሰኛው አስተማሪው የወደዳትን ልጅ የሚፈልግ የሰፈሩ ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም።

«ዱባ!» ብላ ሳቀች። «ስለዚህ መንፈሱ ጎረቤት ነው?»

«ጎረቤት ነው።»

(እኛም እኮ ፈረስ አናጣም። የፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ጉልላት ያላት ትንሽ ግንብ የዞብል መቃብር ናት ይሏታል። ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነው። የሰው አገር ራስ የሌለው ፈረሰኛ አለው፤ የእኛ ፈረሰኛ የሌለው ፈረስ። ጻፊው ብላት ፊቷን አጨማደደች። ከእኔ የመጣ ሐሳብ ስለሆነ መሰለኝ።)

ይህን ስል ሁሉንም ወድጄዋለሁ ማለቴ አይደለም። ሁሉም ጭራቅ ልጅነቱ ላይ የተበደለ ሆኖ ሲመጣ ይሰለቸኛል። አያቴ እምዬ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ተኮልኩለን ነበር የምንሰማት። ጭራቁ ለምን ጭራቅ እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም። ራበው፣ በላ፣ አለቀ። አያ ጅቦም ቢሆን ሆዳምና ሞኝ ነው። ጥርስ የሌለው መንፈስ ምን ያደርግልኛል?

ልጅቷ ይህን ሁሉ አስለፍልፋኝ ስታበቃ ነው የራሷን ያወጣችው። ለትምህርት ቤቷ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የምታቀርበው ነው። «ስለ ቡዳ ነው። ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ» አለችና የመጀመሪያውን መስመር አነበበችልኝ።

«እኔ ጅብ ነኝ። ቀን ቀን ግን ስም አለኝ።»

ጥሩ መስመር ነው። ቀናሁባት። ታሪኩ ውስጥ አንድ ቀጥቃጭ አለ፤ ሴት ልጁ ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች። የሰፈሩ ልጅ የሚለያት ጅቧ ጆሮ ላይ ባለው የወርቅ ጉትቻ ነው። ጉትቻውን ከራሷ አላመጣችውም። ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1805 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 13 ዓመት ያህል አገራችን ውስጥ ኖሯል። ቡዶች የሚያደርጉትን ዓይነት የወርቅ ጉትቻ በጅብ ጆሮ ላይ አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። ያንን የሆነ ቦታ አግኝታ ወስዳዋለች። ደግ አደረገች፤ ከጉትቻው የተሻለ ምልክት የለም።

«ቀጥዪ» አልኳት። ቀጠለች። ጅቧ በራሷ አፍ ትናገራለች። ማንን እንደበላች፣ ከየት እንደያዘችው፣ ለምን እንደራባት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሆዴ ባር ባር አለኝ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ከራሴ አፍ ወጥቷል።

9 ዓመቴ ነበር። ደንቢያ ዘመድ ጥየቃ ሄደን ስንመለስ ታመምኩ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መቃዠት። ዛሬ ማንም ሰው ወባ ነው ይላል። ያኔ ግን «ሰው ዓይን ገብታ ነው፣ ተበልታለች» ተባለ። የሰፈሩ ትልልቅ ሴቶች ተሰበሰቡ። ቤቱን በጭስ ሞሉት፤ የምን እንደሆነ እንጃ፣ ጉሮሮዬን ግን ዛሬም ይከረክረዋል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዬ ሥር ደቀኑብኝ። እጄን ያዙኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

«ማነሽ? ተናገሪ! ከየት ያዝሻት?»

የሚጠይቁት እኔን እንዳልሆነ ገብቶኛል። ውስጤ አለች ያሏትን ሰው ነው። እኔም መለስኩላቸው። «እኔ እገሊት ነኝ» አልኩ። «በር ላይ እንጀራ ስትበላ አይቻት ነው» አልኩ። ሴቶቹ «ይኸው! ለፈለፈች!» ብለው አጨበጨቡ።

የጠራኋት ሴት ከቤታችን በታች የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ምጣድና ጀበና እየሠራች ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። ክርስቲያን ናት፣ ጾም አትፈታም። ለሰፈሩ ግን ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። ባለእጅ ናት። ባለእጅ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ሆነንም እናውቅ ነበር።

ስሟን ከየት አመጣሁት? ከመጠየቃቸው በፊት ጓዳ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ነው። እነሱ ያሉትን መልሼ ለእነሱ ሰጠኋቸው። ጭሱ እንዲያበቃ ፈልጌ ነበር። በማግሥቱ አባቴ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ ኪኒን ተሰጠኝ፤ ከቀናት በኋላ ተነሥቼ ሱዚ እዘል ጀመር። ሴትየዋ ግን ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቡና አልጠጣችም። የጠራት የለም። መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንዳላያት አልነበረም። ዓይኗ እኔ ላይ እንዳያርፍ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የገባኝ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ «አዲስ ነው» የምትለው አተራረክ፣ መንፈሱ በራሱ አፍ «እኔ» ብሎ ሲናገር፣ እኛ ሰፈር ከጥንት የነበረ ነው። ቡዳ ሁልጊዜም በመጀመሪያ መደብ ነው የሚተርከው። ልዩነቱ አፉ የበሽተኛው፣ ቃሉ የከበቡት ሰዎች መሆኑ ነው። የአሜሪካው ፈረሰኛ ጭምብሉ ቢገለጥ ከሥሩ ጎረቤት ይወጣል። የእኛ ታሪክ ጎረቤት ላይ የጅብ ቆዳ አለበሰ።

ይህ ደግሞ የሆነው በየትኛው ከተማ ነው? ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆራት ጎንደር ነው። ግንቦቹን ሲገነቡ ድንጋይ ከጠረቡት፣ እንጨትና ብረት ከሠሩት መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። ማረሻውንም፣ ምጣዱንም ሲሠሩ የኖሩት እነሱና እነሱን የመሰሉ ባለእጆች ናቸው። ቀን እጃቸው ይፈለጋል፣ ማታ ጅብ ናቸው ይባላል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ አለች፤ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች። ብዙዎቹ አሁን እስራኤል ናቸው። ግንቦት 1983 ከአዲስ አበባ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ተወስዷል። ወለቃ ላይ ዛሬ ለቱሪስት ትንንሽ የሸክላ ቅርጾች ይሸጣሉ። ጅቡ ግን አልሄደም። ትናንት ማታ ራሱ ከቀሐ በኩል ሲጮህ ሰምተነዋል።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ወባው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ስሙ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እናቷም አታውቅም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሻማው ሊያልቅ ነበር።

«ታዲያ ልተወው?» አለች።

«አትተይው።»

«እሺ ማን ይናገር? ጅቧ ከተናገረች የሴቶቹ ቃል ሆነ። ዝም ካለች ደግሞ ምኑን ታሪክ ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። ምናልባት የታመመችው ልጅ ትናገር አልኳት። «ያ ያንቺ ታሪክ ነው፣ የእኔ አይደለም» አለችኝ። አፍ አላት።

ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ ሳይ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሦስቱን ገጾች ቀዳዋቸዋለች። ጅቧ ገና አልመጣችም። የምትጀምረው አንዲት ሴት ምጣድ አዝላ ዳገት ስትወጣ ነው። ቁርስ እስክንበላ ድረስ በጥያቄ አደረቀችኝ። ምጣዱን በምን ያሥሩታል? ጭቃውን ከየት ያመጡታል? ሲተኮስ ይሸታል? የማውቀውን መለስኩላት። የቀረውን ወለቃ ወርደን ሸክላ የሚሠሩትን እንጠይቃለን ተባባልን፤ ዝናቡ ካባራ።

«ጉትቻዋ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ ቀጥላ።

«የማን?»

«ያንቺዋ ሴትዮ።»

እንጀራዬን አስቀምጬ አሰብኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር የሚታየኝ ጆሮዋ ነበር። ስለዚህ አስታውሰዋለሁ። ተበስቷል። ቀዳዳው እንዳይደፈን ጥቁር ክር አስገብታበታለች። ወርቅ አልነበራትም።

«ክር» አልኳት።

ወርቁን ሰረዘችው። ክር ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋን አፏ ውስጥ ከትታ ቆየች።

«በክር እኮ ግን ማንም ጅቧን አይለያትም፣ እትዬ።»